ይህ አውራ ጣት የማን ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ከምንዋጋው ጋር የተጣላነው በእኔ ጥፋት አይደለም። በእሱም ጥፋት አይደለም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ጊዜው ጥቅምት 1971 ነው፤ አገሩ ሰቆጣ። እኔ ጥሩሐረግ እባላለሁ። አዲስ አበባ ሠልጥኜ፣ በከተማችን ባለችው ትንሽ ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሆኜ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኝ ነበር። ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኛል። መርፌ አልወጋ፣ ቁስል አላጥብ። እናቴ ደብሬ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ሐኪም ቤት ተቀምጣ ከበሽተኛ ጋር ታወራለች» ትላለች፤ መንግሥት ለወሬ ሰው መቅጠሩ እስከ ዛሬ ይደንቃታል።

ምንዋጋው አምደወርቅ በምትባለው ከተማ አስተማሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየሳምንቱ ከገበያተኛ ጋር፣ ከተማሪ ደብተር በተገነጠለ ወረቀት ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር። ደብዳቤዎቹን ቢሮዬ ውስጥ «ያልተዘጉ ጉዳዮች» ተብሎ በተጻፈበት ፋይል ነው የማስቀምጣቸው። ማንም አይከፍተውም፤ እኔ ግን በቀን ሁለቴ እከፍተዋለሁ።

ጉዳዩ ያልተዘጋው በእናቱ ምክንያት ነው። የምንዋጋው እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ እሜቴ የሚላቸው። የእኔ እናት ደግሞ እሳቸው ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት እህል የፈጨች ገረድ ናት። ጌታና ሎሌ ቀርቷል ተብሎ ከታወጀ ዓመታት አልፈዋል፤ ቢሆንም እናቴ ዛሬም እሜቴን መንገድ ላይ ስታይ ነጠላዋን አውርዳ ዳር ትይዛለች። ምንዋጋው «ከፋሲካ በኋላ እነግራታለሁ» ይለኝ ነበር። ሁለት ፋሲካ አለፈ።

እሜቴ ሆስፒታላችን የገቡት በዚህ መካከል ነው። ስኳር በሽታ እንዳለባቸው ማንም አያውቅም ነበር። ቀኝ እግራቸውን እንቅፋት መታቸው፤ ቁስሉ አልድን አለ፤ ጣቶቻቸው ጠቆሩ፤ ጥቁረቱም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። በዘጠነኛው ቀን የሆስፒታላችን ብቸኛ ሐኪም ዶክተር ምትኩ ቢሮዬ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት ወረወረ።

«እግሩ ሞቷል» አለኝ። «ከጉልበት በታች ካልቆረጥኩት አራት ቀን አይቆዩም። ዘመዶቻቸው ደግሞ እምቢ ብለው ፈርመዋል። ነገ በቃሬዛ ሊወስዷቸው ነው። አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ፤ ግቢና አሳምኚልኝ።»

ወረቀቱን አነሳሁት። «ኦፕሬሽኑን አልፈልግም» ይላል። «የበሽተኛው ፈቃድ» በሚለው መስመር ላይ ወፍራም ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል።

«እሜቴ ራሳቸው ናቸው?»

«የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው፤ ቀኛዝማች ገብረ አምላክ።»

በቀበሌው መዝገብ ጓድ ቢባሉም በሰው አፍ ዛሬም ቀኛዝማች ናቸው። «እሜቴስ ምን አሉ?» አልኩት።

«ምን ይላሉ? ቁስል ነው ተብለዋል።»

አልገረመኝም። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለበሽተኛ አይነገርም። ሐኪሙ ዘመድ ወደ ውጭ ይጠራል፣ ዘመድ ደጅ ቆሞ ይመክራል፣ ከዚያ ፊቱን አብሶ ይገባና «ትድኛለሽ፣ አይዞሽ» ይላል። ክፋት የለበትም። እኔም አድርጌዋለሁ። አባቴ ሲሞት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ «ትድናለህ» አልኩት፣ እሱም «አዎ» አለኝ። ሁለታችንም እየዋሸን ተለያየን። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንደነበረ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

«ማሳመን አልችልም፣ ዶክተር» አልኩት። «ማስረዳት ግን እንችላለን። ሰምተው እምቢ ካሉ ደግሞ እምቢታቸውን ትቀበላለህ።»

«እምቢ ካሉ ይሞታሉ እኮ!»

«እግሩ የእሳቸው ነው።»

ምንዋጋው ግቢው ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል። 

«ጥሩዬ፣ እንዳትነግሪያት» አለኝ ገና ሳልደርስ። «ብትሰማ በድንጋጤ ትሞታለች። አታውቂያትም።»

«አላውቃቸውም?» ብዬ ሳቅኩ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «እሳቸው ቤት ከበር ጀርባ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። ከአንተ የበለጠ አውቃቸዋለሁ።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ያልኩት ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጀርባ ተደበቀ።

«እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለህ» አልኩት። «ልጃቸው ነህ፤ ከአንተ ቢሰሙ ይሻላል። ካልነገርካቸው ግን እኔ እገባና ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። አልፈልግም ካሉኝ አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

 ጀርባውን አዞረብኝና ወደ እናቱ ክፍል ገባ።

* * *

ከሰዓት በኋላ ነርሷ ዓሚኔ የታጠፈ ወረቀት አመጣችልኝ። ያው የደብተር ወረቀት ነው፤ ያው የአስተማሪ እጅ ጽሕፈት። ከአምደወርቅ ግን አልመጣም፤ ከእኔ ቢሮ ሠላሳ እርምጃ ከማይርቀው ከእናቱ አልጋ ራስጌ ነው የተጻፈው።

«ጥሩሐረግ፣» ይላል። ጥሩዬ አይልም። «እናትሽ ወፍጮ ላይ ለጨረሰችው ዕድሜ እናቴን ልትበቀዪ እንደሆነ ገብቶኛል። ቂም የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው፤ ነጭ ካፖርት ተለብሶ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም። ነገ ይዣት እሄዳለሁ። ከእንግዲህ አትጻፊልኝ። ምንዋጋው።»

በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ሴት ስትናደድ የምታለቅሰው ዓይነት ለቅሶ ነበር፤ አፍንጫዬ ሁሉ አበጠ።

ከዚያ ራሴን ጠየቅኩ። እዋሻለሁ? ቂም የለኝም? አለኝ እንጂ! የእናቴን መዳፍ አይቻለሁ። እሜቴ «አንቺ!» ብለው ሲጠሯት፣ ስም እንደሌላት፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ስትሮጥ አይቻለሁ። ስሟ በዚያ ቤት ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ቂም ከነበረኝ ግን ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር። ነገ ቃሬዛው ይመጣል፣ ይወስዷቸዋል፣ በአራተኛው ቀን ለቅሶ እደርሳለሁ። ማንም ጣቱን አይቀስርብኝም። ምንዋጋውም እንባውን እኔ ትከሻ ላይ ያፈሳል።

በዚያ መንገድ የሚገኝ ፍቅር አልፈለግኩም። ደብዳቤውን ከሌሎቹ ጋር ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።

* * *

ረቡዕ ማለዳ ምንዋጋው ቃሬዛ ተሸካሚ ሊያሰባስብ ወጥቷል። አልነገራቸውም። እሜቴ መስኮቱ አጠገብ ጋደም ብለው፣ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። እግራቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ክፍሉን የሞላው ሽታ ግን የመድኃኒት አልነበረም።

«የደብሬ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

ደብሬ አሉ። በሃያ ሦስት ዓመቴ የእናቴን ስም ከእሳቸው አፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አዎ እሜቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ስለ እግርዎ ዶክተሩ የሚያውቀው ነገር አለ። ሁሉንም ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎና ለዘመድ ልተወው? የሚሉኝን ነው የማደርገው።»

 ሳቁ፤ ድዳቸው እስኪታይ።

«ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው» አሉ። «ሲድሩኝ አልጠየቁኝም። ልጆቼን ለጡት እናት ሲሰጡብኝ አልጠየቁኝም። መሬቴን ሲወስዱት እንኳ አዋጁን በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ዛሬ ሰው ጠየቀኝ፤ ያውም ስለ እግሬ! ተቀመጪ እስቲ።»

ተቀመጥኩ።

«እግሬ እንደሸተተ የማላውቅ መሰላችሁ? አፍንጫዬንም ቆርጣችሁታል እንዴ? ልጄ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሱ ይገባና "ትድኛለሽ" ይለኛል፤ እኔም "አዎ ልጄ" እለዋለሁ።»

አባቴ ትዝ አለኝ፤ እንባዬን መግታት አቃተኝ። ቀና ብለው ጉንጬን በመዳፋቸው ጠረጉልኝ። «በይ አታልቅሺ፤ ገና ምኑን ነግረሽኝ። ወረቀት አለ ብላለች ነርሷ። አምጪው።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ፊደል በፊደል አነበቡት። መጨረሻው ላይ ቆሙ።

«ይህ አውራ ጣት የማን ነው?»

«የቀኛዝማች ገብረ አምላክ።»

«የቀኛዝማች ጣት በእኔ እግር ላይ ምን ይሠራል?»

ዶክተር ምትኩን ጠራሁት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው። ቢቆረጥ ምን እንደሚሆን፣ ባይቆረጥ ምን እንደሚሆን፣ ተቆርጦም ሊሞቱ እንደሚችሉ። ሳይታወቀው ወደ ልመና ሲገባ ክንዱን ነካሁት፤ አቆመ። እሜቴ ያንን አዩ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ ምንም አልልም እሜቴ። የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። የሚወስኑትን ግን ማንም እንዳይለውጥብዎ እዚህ በር ላይ እቆማለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ መስኮቱም ዞሩ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ልጄ አንቺን ሲያይ እንዴት እንደሚሆን አይቻለሁ» አሉ። «የሞተው እግሬ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

ፊቴ እሳት ሆነ። ከክፍሉ ስወጣ የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ነበር የያዝኩት።

* * *

ረፋዱ ላይ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። ቀኛዝማች ከፊት፣ ምንዋጋው ከኋላ። እኔ እንዳልኩት በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ምንዋጋው ሳያየኝ ሊያልፍ ሲል ትከሻው ትከሻዬን ነካው፤ ሁለታችንም እንደተቃጠለ ሰው ሸሸን።

«እናቴ፣ እንሂድ» አላቸው። «እቤት ትድኛለሽ።»

«ምኔ ነው የሚድነው?» አሉት እሜቴ።

«ቁስሉ...»

«ምንዋጋው። ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።»

ዓይናቸውን አየ። አስተማሪ፣ ሃምሳ ልጅ ፊት ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሰው፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።  «እግርሽ ሞቷል፣ እናቴ» አለ። «ካልተቆረጠ ትሞቺብኛለሽ። ፈራሁ።»

«ይኸው፤ ተናገርከው። እኔም አልሞትኩም» አሉና እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ።

ቀኛዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሜቴ፣ ነገሩ ተመክሮበታል። የዋግ እመቤት ገላዋ ጎድሎ መቃብር አትገባም። ሙሉ ሰው ሆነው እንደተፈጠሩ፣ ሙሉ ሰው ሆነው ይሂዱ።»

«የት ነው የምሄደው?»

ቀኛዝማች ወደ ቃሬዛው አዩ።

«ወንድምዎ ማርያም ቅጽር ውስጥ ነው ያረፈው» አሉ እሜቴ። «እግሬን ወስዳችሁ ከአጠገቡ ቅበሩልኝ። ይጠብቅልኝ። እኔ ቀኔ ሲደርስ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ እንገጣጠማለን። እስከዚያ ግን ገና የማየው ነገር አለኝ።»

ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አልቻለም።

ዶክተሩ አዲስ ወረቀት አመጣ። ነርሷ ዓሚኔ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ አውራ ጣታቸውን ልትይዝ ስትል እጃቸውን ሰበሰቡ። ማንበብ እንጂ መጻፍ አልተማሩም፤ በእሳቸው ጊዜ ለሴት ልጅ ንባቡም ብዙ ነበር። ዳዊታቸውን ከፈቱ። በመጀመሪያው ብራና ላይ ጸሐፊው የእሳቸውን ስም በቀይ ቀለም ጽፎታል። እስክሪብቶውን እንደ ማማሰያ ጨብጠው፣ ያንን እያዩ፣ ፊደል በፊደል ገለበጡት። ወ። ለ። ተ። «ሥላሴ» ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው በላብ ርሶ ነበር። 

«በሉ» አሉ፣ አሮጌውን ወረቀት ለቀኛዝማች እየመለሱ። «ጣትዎን ይውሰዱ።»

ያን ጊዜ ምንዋጋው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። ወደ እኔ። ዓይኑ ውስጥ ያ ደብዳቤ ቃል በቃል ተጽፎ አየሁት፤ በእያንዳንዱ ቃል ያፍር ነበር። እኔ ግን እሱን አልነበረም የማየው። ያቺ ጠማማ፣ የተንጋደደች፣ ቆንጆ ፊርማ ላይ ነበር ዓይኔ፤ ደስታ አንገቴ ድረስ ሞልቶኝ ነበር።

* * *

ኦፕሬሽኑ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። እሜቴ ዳኑ። በሦስተኛው ቀን ሾርባው ጨው የለውም ብለው ተቆጡ፤ ዶክተር ምትኩ ከደስታ የተነሳ ኮሪደሩ ላይ ሊጨፍር ምንም አልቀረው።

ምንዋጋው በዚያ ሳምንት ደብዳቤ አልጻፈልኝም። ራሱ መጣ። ቢሮዬ በር ላይ ቆመ፤ ግባ አላልኩትም።

«ያንን ወረቀት መልሺልኝ» አለ።

«አልመልስም። ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።»

«ጥሩዬ...»

«ያንተ እናት ስለሆኑ አይደለም ያደረግሁት» አልኩት። «የእኔን እናት ገረድ ስላደረጓት ለመበቀልም አይደለም። ለማንም፣ ለሱቅ ዘበኛ ሚስትም አደርገዋለሁ። ይህን ካላወቅክ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማን ነበር የምትጽፈው?»

«ለማላውቃት ሴት» አለ። «እወዳት ነበር፤ አላውቃትም ነበር። አሁን አወቅኋት። ይቅር በይኝ ማለት አሳፈረኝ እንጂ፣ ይቅር በይኝ።»

ወዲያው ይቅር አላልኩትም። ጥቂት ሳምንት ይልፋ ብዬ ነበር። ሲሄድ ግን በመስኮት፣ ግቢውን አቋርጦ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት፤ እንደሚመለስ ልቤ ያውቅ ነበር። እውነትም ይቅር እስክለው ድረስ በየሳምንቱ ደጄን ጠና።

* * *

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ እኔና እናቴ ደጃፋችን ላይ ጸሐይ እየሞቅን ሳለ በዳገቱ ሰዎች ሲመጡ አየን። ሦስት ናቸው። ቀኛዝማች ገብረ አምላክ አሉ። አንድ ቄስ አሉ። ከፊት ግን፣ በሁለት የወይራ ምርኩዝ፣ በአንድ እግር፣ ማንም እንዲደግፋቸው እምቢ ብለው፣ እሜቴ ይመጣሉ። ምንዋጋው ከሩቅ፣ ከግቢያችን የድንጋይ ግንብ ማዶ ቆሟል።

እናቴ ብድግ አለች። ነጠላዋን ልታወርድ እጇ ሲሄድ እሜቴ ከሩቅ «ተይው!» አሏት። «ደብሬ፣ ተይው።»

እናቴ እጇ አየር ላይ ቀረ። ስሟ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ እኔ ሁለተኛ ጊዜ ነው የምሰማው፤ ለእሷ ግን የመጀመሪያዋ ነበር። እየሮጠች ገብታ በርጩማ አመጣች፣ በላዩ ቁርበት አነጠፈችበት።

«ይቀመጡ እሜቴ፣ በማርያም!»

«አልቀመጥም። ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ እሜቴ። «ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል?»

«ሴት ሽማግሌ ሆና አይተን አናውቅም፤ ነግሬያቸዋለሁ» አሉ ቀኛዝማች፣ ለማንም ሳይሆን።

«አሁን አዩ» አሉ እሜቴ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል፤ ምርኩዙን የያዙበት ክንድ ይንቀጠቀጣል። «ደብሬ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቤቴ ቆመሽ አንድ ቀን ተቀመጪ ብዬሽ አላውቅም። ዛሬ እኔ ደጅሽ ቆሜያለሁ። ልጅሽን ለልጄ ስጪኝ።»

እናቴ ተንሰቀሰቀች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በኽምጣንጋ ለራሷ የሆነ ነገር አጉረመረመች፤ ልጅ ሳለሁ ስታስተኛኝ የምትለኝን ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔን አትጠይቁኝ» አለች። «ልጅቱ ይችውላችሁ። የራሷ ጉዳይ ነው።»

ሐኪም ቤት ተቀምጬ የማወራውን ወሬ እናቴ ለካ ስትሰማ ኖራለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።  ከግንቡ ማዶ ምንዋጋው ሁለት እጁን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ፣ ሳይለምነኝ፣ ሳይጠራኝ፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እሜቴ ሲንገዳገዱ አየሁና ሮጬ ልደግፋቸው ስል በምርኩዛቸው ገቱኝ።

«ስለ እግሬ ብለሽ እንዳትቸኩዪ» አሉኝ። «አስቢበት። ፈቃድሽ ካልሆነ አልሆነም በይ፤ ወደ መጣሁበት እመለሳለሁ፤ ማንም አንድ ቃል አይናገርሽም። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ያኔ አወቅኩ። በሕይወቴ ሁሉ፣ የአባቴ አልጋ ራስጌ ከቆምኩበት ቀን ጀምሮ፣ ሰው እንዲህ እንዲጠይቀኝ ነበር ስጠብቅ የኖርኩት።

«ፈቃዴ ነው» አልኩ። ድምፄ ግንቡን አልፎ ሄደ። «ሰምታችሁኛል? በራሴ አፍ ነው የምለው። ፈቃዴ ነው!»

«እንግዲያስ» አሉ እሜቴ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቅ አድርገው፣ «አሁን በርጩማውን አምጡልኝ።»

እናቴ በርጩማውን ስታቀርብላቸው እሜቴ ክንዷን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት። ምንዋጋው ግንቡን ዘሎ ሲመጣ አየሁ፤ እኔም ወደ እሱ ሮጥኩ።